ሆዳሟ ጥግ

ሒሳብ የማይገባው ሰው ጌም እሠራለሁ ብሎ ሲነሳ፣ ዋና ሳይችል ወንዝ ልሻገር እንዳለ ሰው ነው። የእኛ ሰው ግን ተነሳ። ትምህርት ቤት ሳለ የሒሳብ አስተማሪው ወደ እሱ በዞረ ቁጥር የጫማ ማሰሪያው የሚፈታበት ልጅ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ሲያስር ሲያስር ጥያቄው ሌላ ሰው ጋ ይደርሳል። ያ ልጅ ነው እንግዲህ አሁን ሠላሳን ተሻግሮ፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ልብስ አጣቢ ሆኖ፣ ማድረቂያ ማሽኑ ላይ የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ ዘርግቶ ከሳይንና ከኮሳይን ጋር የሚታገለው። ጉድ እኮ ነው!

ምክንያቱ አባቱ ናቸው።

አባቱ ፑል ቤት ነበራቸው። ፑል ቤት ሲባል ታዲያ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ አንዲት ክፍል፣ አንዲት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፉ የመምቻ እንጨቶች፣ ከጣሪያ የወረደ አምፖል፣ በቃ። የክፍሏ ወለል በመስኮቱ በኩል ሰመጥ ያለ ስለነበር ጠረጴዛውም ወደዚያው ያዘነብላል። አባትየው እግሩ ሥር ካርቶን አጥፈው ቢከቱ፣ ጣውላ ቢያስገቡ፣ አልቃና አላቸው። ቀስ ብላ የምትሄድ ኳስ ሁሉ መጨረሻዋ ላይ ጠመም ትልና ወደ መስኮቱ ጥግ ተስባ፣ እዚያ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ጥልቅ ትላለች። ያቺን ጥግ ሰዉ «ሆዳሟ» ነበር የሚላት፤ የቀረበላትን ሁሉ ትውጣለችና። እንግዳ ሰው መጥቶ አሳምሮ መትቶ፣ ኳሷ ከድታው ወደ ሆዳሟ ስትሄድ ደንበኞቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። አባትየው ደግሞ ጠመኔውን በጣቶቻቸው መሃል እያሽከረከሩ «አይዞህ ወንድሜ፣ ለእኔም አታዝንልኝም» ይሉታል። ውሸታቸውን ነው! እሳቸው ኳሷን ከጠርዝ ጠርዝ አላግተው፣ አድክመው አድክመው ለሆዳሟ ሲያጎርሷት ማየት ነበር።

እናትየው በጊዜ ስለሞተች ልጁም እህቱም ያደጉት በዚያች ክፍል ነው። ልጁ በርጩማ ላይ ቆሞ እንጨት መያዝ የተማረው ከእግሩ አረማመድ እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ የአባትየው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ አውራ ጣታቸው ብቻ፣ ኋላ መዳፋቸው፣ ኋላ ክንዳቸው። ሐኪሙ የነርቭ በሽታ ነው፣ በመድኃኒት ይዘገይ እንደሆነ እንጂ አይመለስም፣ ውሎ አድሮ ማስታወስንም ሊነካ ይችላል አላቸው። አንድ ቀን በገዛ ጠረጴዛቸው ላይ ነጯን ኳስ ስተው አረንጓዴውን ጨርቅ በእንጨቱ ጫፍ ተረተሩት። ሰው ሁሉ ያላየ መሰለ። እሳቸውም እንጨቱን ቦታው መለሱ፤ በማግስቱ በሩን አልከፈቱም። ሰዎች መጥተው የጠረጴዛውን እግር ነቅለው በጭነት መኪና ወሰዱት፤ ክፍሏም የስልክ መሸጫ ሆነች። አባትየው ከዚያ ወዲያ እቤት መስኮቱ አጠገብ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው አፍነው ይዘው መዋል ሆነ ሥራቸው።

ልጁ ጌም መሥራት ድሮም ይመኝ ነበር። ምኞት ደግሞ ምን ገዶት፣ ዓመት ሙሉ ቢመኙት አያልቅ። አሁን ግን አንድ ነገር ያዘውና አለቀቀውም። «እንጨት መያዝ ቢያቅተው ስክሪን መንካት አያቅተውም» አለ ለእህቱ፤ «መንቀጥቀጡን እኔ አርምለታለሁ። የፑል ጌም እሠራለታለሁ።»

እህቱ ጸጉር ሠሪ ናት፤ ነገር ማስረዘም አትወድም። «ታዲያ ቶሎ በል» አለችው፤ «በሽታው አንተን አይጠብቅም።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ጣታቸው እንቢ ሳትል፣ ልባቸውም ሳይረሳ፣ አባትየው አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ይጫወቱ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ስለዚህ ሒሳብ። ኳስ ጠርዝ ስትነካ በየት በኩል ትመለሳለች? ሁለት ኳሶች ሲላተሙ የትኛዋ ወዴት ትሄዳለች? የሌላ ሰው ሥራ ከኢንተርኔት አውርዶ መገልበጥ ይችል ነበር፤ እሱ ግን «ሳይገባኝ አልጽፍም» አለ። ግትር ነው፣ በአባቱ ወጥቷል።

ላውንደሪው መስኮት የለውም፤ ሙቀት፣ የሳሙና ሽታና የማሽን ጩኸት ብቻ ነው። አብራው የምትሠራው ሴትዮ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ እንፋሎት» የሚላት፣ ካውያው ቢበርድ ምላሷ የማይበርድ ሴት ናት። ማድረቂያው እስኪጨርስ እሱ መጽሐፉ ላይ ይደፋል፤ ማሽኑ ጢጥ ሲል እሷ ትጣራለች።

«ሊቁ! ሳይን ኮሳይንህ ፎጣ ያደርቃል?»

«አያደርቅም እትዬ።»

«እንግዲያው ጫፉን ያዝ!»

ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይዘው ይራራቃሉ፣ ወጠር ያደርጉታል፣ ተቀራርበው ጫፉን ያቀባብላሉ። በዚያ መሃል ነው የገባውንም ያልገባውንም የሚነግራት። አንዴ አንሶላውን ከጥግ ጥግ አጥፎ ሦስት ማዕዘን ሠራና ረጅሙን ጎን ሊያስረዳት ሲሞክር «የሰው አንሶላ አታጨማድድ!» ብላ ጮኸችበት። ሳይን ማለት ምን እንደሆነ የገባው ዕለት ግን «ለካ ይቺ ናት!» ብሎ ሲዘል፣ እሷም ምኑም ሳይገባት አብራው እልል አለች። ያን ዕለት ዓለም ሁሉ የእሱ ነበረች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጌሙ ተሠራ። አንድ እሑድ ላፕቶፑን አባቱ ጭን ላይ አስቀመጠና «አባዬ፣ በል አሳየኝ» አለ። አባትየው ዓይናቸው በራ። የምትንቀጠቀጠውን ጣት ስክሪኑ ላይ አሳረፉ፤ ኳሷ ሄደች፣ ጠርዝ ነካች፣ ተመለሰች፣ ቀጥ ብላ ተጉዛ ቆመች። እንደገና መቱ። ቀጥ ብላ ተጉዛ ቆመች። አባትየው ትንሽ ጠበቁ፣ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ጥግ ዘንበል አድርገው።

«ጎበዝ የኔ ልጅ» አሉ በመጨረሻ። «ቆንጆ ነው።» ላፕቶፑንም መለሱለት። ከዚያ ወዲያ አምጣው አላሉም።

ልጁ ሆዱ ባባ። ያ ሁሉ ድካም! ኩሽና ገብቶ ዕቃ ማንኳኳት ሲጀምር እህቱ ተከተለችው።

«ምኑ ነው ያላማረው?» አላት።

«ሆዳሟ የለችማ» አለች። «የአንተ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። የአባዬ ጠረጴዛ መቼ ለጥ ብሎ ያውቃል?»

ክው አለ። እዚያ ጠረጴዛ ሥር አድጎ! መጽሐፉ ሁሉ «ጠረጴዛው ለጥ ያለ ነው እንበል» ብሎ ይጀምራል፤ እሱም እሺ ብሎ ለጥ አድርጎ ሠራው።

ሰኞ ለእትዬ እንፋሎት ሲነግራት ካውያዋን እንኳ አላቆመችም። «ታዲያ ምን ቸገረህ? ኳሷን ወደ ጥጉ ትንሽ ገፋ አድርጋታ!»

«እንደሱማ አይሆንም እትዬ። እሱ ማጭበርበር ነው። አባዬ ኳስ ሲያይ ያውቃል፤ ልክ መሆን አለበት።»

ልክ መሆን አለበት! ስንቱን ቤት ያፈረሰች ቃል ናት እኮ። ልጁ አዲስ ምዕራፍ ጀመረ፤ ያዘነበለ ነገር ላይ ክብደት እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል። አልገባውም። ወደኋላ ተመልሶ ሌላ ምዕራፍ ያዘ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ያልተማረውን ጠየቀው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? ይሄዳል፣ መሄዱንስ ይሄዳል፤ የሚጠብቀው ሰው ካለ ነው።

ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ከአባቱ ክፍል ቀጥሎ ባለችው ክፍል ላፕቶፑን ከፍቶ ይቀመጣል። በሩ ክፍት ነው፤ ይተያያሉ።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ቁጭ በል» ይላሉ አባትየው።

«መጣሁ አባዬ፣ ትንሽ ቀረችኝ።»

«ትንሽ የምትላት ነገር አታልቅም እንዴ?» ብለው ይስቃሉ። ደግሞ ቆይተው «ና እንጂ፣ ልንገርህ» ይላሉ። «አሁን፣ አሁን» ይላል እሱ ቀና ሳይል። ክረምት ገብቶ ወጣ። አባትየው መጣራት ተዉ። እሱ ምን እንደተሰማው ልንገራችሁ? ደስ አለው! ቤቱ ጸጥ ሲል ሥራው ቀለጠፈለት። እኔ እዚያ ብኖር ያን ላፕቶፕ በመስኮት ነበር የምወረውረው። ግን ምን ያደርጋል፣ እሱ ለአባቱ እየሠራሁ ነው ብሎ ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

እህቱ አንድ ማታ በሩ ላይ ቆመች። «ዛሬ ስሜ ጠፋው» አለች። «በእማዬ ስም ጠራኝ።»

«ልጨርስ ነው» አላት። «በእውነት ልጨርስ ነው።»

እውነቱን ነበር። ገና ሳምንት ሳይሞላ፣ ማድረቂያው እየተሽከረከረ ሳለ፣ ሒሳቡ ወረቀቱ ላይ ተፈታ። የኳሷ ክብደት ከላይም ከታችም ተጣፋ። የጠረጴዛው ማዘንበል የትም ቦታ አንድ ስለሆነ እሱም የማይለወጥ ቁጥር ሆነ። ሲያጣፋ ሲያጣፋ በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ቁጥር ቀረችው። ትርጉሟ ምን እንደሆነ አየና እርሳሱን አስቀመጠ።

«ምነው?» አለች እትዬ እንፋሎት።

«መልሱ ወጣ እትዬ።»

«ምን ሆነ?»

«ኳሷን ወደ ጥጉ ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው። ሁልጊዜ፣ እኩል፣ ትንሽ ገፋ። አንቺ ያልሽው ነው።»

እሷ ልታሾፍ አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ ግን ተወችው። ካውያውን አቆመች። «ና ይቺን አንሶላ እንጠፍና ሂድ» አለችው ቀስ ብላ። «አሁኑኑ ወደ ቤትህ ሂድ።»

እቤት ሲደርስ አባትየው አልጋ ላይ ነበሩ፤ ወንበሩን ከተዉት ሰንብተዋል። እህቱ ሾርባ በማንኪያ ታቀምሳቸዋለች። ልጁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያቺን አንድ መስመር ጻፈ። ጊዜም አልወሰደችም። ከዚያ ላፕቶፑን አቀረበና የአባቱን ጣት ያዘ። እጃቸው ቀሎ ነበር፤ መቼ እንዲህ እንደቀለለ አላወቀም። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፈው።

ነጯ ቀይዋን መታቻት። ቀይዋ ጠርዝ ነካች፣ ተመለሰች፣ ደከመች፣ ጠመም አለች፤ ልክ እንደ ጥንቱ፣ እያመነታች እያመነታች ወደ መስኮቱ ጥግ ሄዳ ጥልቅ አለች።

«አባዬ! አየሃት? ሆዳሟ!»

አባትየው ስክሪኑን አላዩም። የሚያዩት የልጃቸውን ፊት ነበር፤ አገር አቋርጦ የመጣ ሰው እንደሚታይ ትክ ብለው አዩት።

«መቼ መጣህ?» አሉት።

እዚሁ ነበርኩ እኮ ሊል ነበር፤ አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እህቱ ማንኪያውን እንደያዘች ወደ ግድግዳው ዞረች።

«አሁን መጣሁ አባዬ» አለ።

«እንኳን መጣህ። ጠብቄህ ጠብቄህ... በል ቁጭ በል።»

ላፕቶፑን ከደነና ቁጭ አለ። በማግስቱ ሥራ አልሄደም፣ በሦስተኛውም። አባትየው ግን ሊነግሩት የነበረውን ነገር ረስተውት ነበር። ጠየቃቸው፣ ደጋግሞ ጠየቃቸው፤ ፈገግ ይላሉ እንጂ ከየት ያምጡት? ሳምንቱ ሳያልቅ አረፉ።

ለቅሶው ላይ የፑል ቤቱ ደንበኞች መጡ፤ አርጅተዋል፣ ከዘራ የያዘም አለ። እህቱ ስለ ጌሙ ስትነግራቸው ካላየን አሉ፤ አመጣችላቸው። አንዱ ሽማግሌ መነጽራቸውን አስተካክለው መቱ። ኳሷ ጠመም ብላ ስትገባ «ሆዳሟ! ሆዳሟ ናት በሉኝ!» ብለው ጮኹ፤ ለቀስተኛው ተንጫጫ፣ ከሳቁ ላይ ልቅሶ ተነሳ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠርገው ልጁን ፈለጉት። ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ተባረክ። ልክ እሷው ናት» አሉት። «አባትህ አይቷታል?»

«አላያትም» አለ ልጁ። «እኔን ነበር የሚያየው።»

ከዚያ በኋላ ነው፣ አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ያልወጣው እንባ የወጣው።