የጋሽ ኻዲም የመጨረሻ ምዕራፍ

ኻዲም ሁሴን ሬክስዴል በሚባል የስደተኞች ሰፈር ውስጥ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ደራሲ ነበሩ። በሳራይኪ አምስት ልቦለድ ጽፈዋል። ሳራይኪ ፓኪስታን ውስጥ፣ በሙልታን ከተማ ዙሪያ የሚነገር ቋንቋ ነው፤ እሳቸውን ለመንከባከብ እስክቀጠር ድረስ ስሙንም ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ጋሼ» ስላቸው ደስ ስለሚላቸው ጋሼ ሆነው ቀሩ።

ስድስተኛውን መጽሐፍ የጻፉት በእኔ ስልክ ነው። ቁርስ ካበላኋቸው በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ፤ እኔ እቀዳና ሙልታን ላለ ታይፒስት እልካለሁ። አንድ ቃል አይገባኝም። ግን ባለታሪኮቹን በእንግሊዝኛ ነግረውኝ ስለነበር፣ ድምፃቸው ሲቀጥን ሴትየዋ እንደምትናገር፣ ሲቆጡ አማቷ እንደመጣች ለይቼ ነበር።

አንድ ሐሙስ «ዛሬ እጨርሰዋለሁ» አሉኝ በእንግሊዝኛ። ትንሽ እንደተናገሩ ስልኬ ስቶሬጅ ሞልቷል ብሎ መቅዳቱን አቆመ። የሞላው በእህቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ነው፤ አጠፋዋለሁ እያልኩ ስለግም ከርሜ ነበር። ላስቆማቸው አፌን ከፈትኩ። እንባቸው ይወርድ ነበር። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ባስ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ፤ ካቋረጥኳቸው ከሀ ነው የሚጀምሩት። የማይቀዳ ስልክ አፋቸው ሥር ይዤ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ።

ሲጨርሱ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

«ቀዳሽው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

ነገ ሰበብ ፈልጌ አስደግማቸዋለሁ ብዬ ነበር። ዓርብ ጠዋት ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ሳኢማ ናት። በተኙበት አርፈዋል።

ከወር በኋላ ታይፒስቱ መጨረሻው የለም ብሎ ጻፈላትና ደወለችልኝ።

«አባቴ ጨርሶት ነበር?»

አልጨረሱም አልኳት። አምልጦኝ ነው ብል ውሸት ነው፤ አስቤበት ነው ያልኩት።

መጽሐፉ ወጣ። ሳኢማ አንድ ቅጂ ይዛልኝ መጣችና የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ፣ «ደራሲው ሳይጨርሰው ሞተ ይላል» አለችኝ። እሷም የአባቷን ቋንቋ ማንበብ አትችልም፤ ተነግሯት ነው። ከዚያ አለቀሰች።

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። የዚያን ሳምንት ረቡዕ ለዓይን አፖይንትመንት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሥራ አለኝ፣ አልሄድም ብሎኝ ነበር። ያቺን ቀን ባልወስድበት ይጨርሰው ነበር።»

እጇን ያዝኩ። መናገር ይኼኔ ነበር።

«ራስሽን አትውቀሺ» አልኳትና ሶፍት አቀበልኳት።