አባቴ እንግጫ የለወጠበት እሑድ

አባቴ ዘውዱ እኔን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች የተቀበለው አፉ ዙሪያ ጭቃ እንደያዘ ነው። ግንባሩ ላይ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ የበራ መብራት አስሯል።

መብራቱን የሰጠው አንድ ፈረንጅ ነው። ሰውየው ጉናን ሊያይ መጥቶ፣ ተራራውን ትቶ ማሳችን ዳር ሣር ሲነቅል አረፈደ። የሚበላ የዱር ሥር ነው የሚያጠናው። ዱባይ የሰው ቤት ስጠርግ በለቀምኳት እንግሊዝኛ አስተርጓሚ ሆንኩ። አባቴም እንግጫ፣ ያን ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ የሚነቅሉትን ሣር፣ ሥሩን ሰፌድ ሙሉ ቆፍሮ በመብራቱ ለወጠ። ሥሩ እንደሚበላ ለማሳየትም ቁጭ ብሎ ከነአፈሩ በላለት። ፈረንጁ አዲስ አገር ያገኘ ያህል ተደሰተ። አባቴም ተደሰተ፤ አንዱ ሌላውን ያታለለ መስሎታል።

ሊያገባኝ የሚፈልገው የዋልልኝ ሽማግሌዎች ከአንበሳሜ የደረሱት ልክ ያኔ ነው። እኛ አገር ሥር ቆፍሮ የሚበላ ጎተራው የተራቆተ ሰው ነው። እረኛ ቢበላው ጨዋታ ነው፤ ልጅ የሚድር አባወራ ሲበላው ግን ጉድ ነው። መሪያቸው አቶ ሞገስ፣ የዋልልኝ አጎት፣ ጎተራችንን በዓይናቸው ሲለኩት አየሁ። ጎተራው ሙሉ ነው፤ ግን ማን ከፍቶ ያሳያል?

ዋልልኝን እወደዋለሁ። ደብረ ታቦር ባጃጅ ይነዳል። ዐረብ አገር ምን ስትሠሪ ነበር ብሎ ያልመረመረኝ ወንድ እሱ ብቻ ነው። በአንድ ሰፌድ ሥር ላጣው ነው እንዴ ብዬ አባቴን ላንቀው ምንም አልቀረኝ።

እናቴ ነገሩን ለመሸፋፈን ሽማግሌዎቹን አስገብታ ወደ ዶሮ ወጧ ሮጠች። ፈረንጁም ሳይጠራ ተከትሎ ገባና ሰፌዱን መሃል ላይ አስቀመጠው። ይህን ያውቁት እንደሆነ ጠይቂልኝ አለኝ። ጠየቅኩ፤ ምን ላድርግ?

አቶ ሞገስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እኛ ዘንድ ይህን የሚበላ ዝንጀሮ ነው።»

የቀሩት ሽማግሌዎች ሳቁ። አባቴ መብራቱን ከግንባሩ ፈታ። እንደዚያ አንገቱን ሲደፋ አይቼው ስለማላውቅ ንዴቴ ሁሉ ወደ አቶ ሞገስ ዞረ።

ዶሮው ዘገየ፣ ወሬውም አለቀ። አቶ ሞገስ በሩን በሩን እያዩ፣ ሳይታወቃቸው፣ እጃቸውን ወደ ሰፌዱ ሰደዱ። አንዷን ሥር አነሡ፣ ጭራዋን በጥፍራቸው ቆረጡ፣ መዳፋቸው ላይ አሽተው ገለባዋን እፍ አሉና ወደ አፋቸው ጣሏት። ደገሙ። አባቴ እንኳ እንደዚያ አያውቅበትም። እንዲህ የሚያውቅበት ሰው በጨዋታ አልተማረውም።

ሁላችንም አየን። እሳቸውም ማየታችንን አዩና እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«እኔ የእብናት ልጅ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «በሰባ ሰባቱ ረኃብ እናቴ በዚህ ነው ያቆየችን። ለራሷ ሳትቀምስ።»

ፈረንጁ ምን አሉ እያለ እጄን ጎተተኝ። ያውቁታል አልኩት፤ ሌላውን አልተረጎምኩለትም።

አባቴ ተነሥቶ ሰፌዱን ወደ እሳቸው አስጠጋ።

«ይብሉ እንጂ፣ አፈር ስሆን» አለ። አጠገባቸው ተቀምጦ አብሯቸው ይበላ ጀመር።

ዶሮው ሲቀርብ ሁለቱ ጠግበው ነበር። አቶ ሞገስ ልጅቱን ስጡን ያሉት አፋቸው ዙሪያ ጭቃ እንደያዘ ነው።