የሐጂ ዓብዱልጀባር አሥራ አራት አባቶች

በ2017 ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዲህ ነበር። የእህቴ ልጅ መሊካ ከሚሴ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። አባቷ በድሩ በእህል መጋዘኖች ጫኝና አውራጅ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጭኗል፣ አውርዷል። ቶፊቅ ጨፋ ሮቢት ላይ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ የአባቱ ወንድም ሐጂ ዓብዱልጀባር አሳድጎታል። ልጆቹ ተዋደዋል። ሽማግሌ ተልኳል፣ በድሩ እሺ ብሏል፣ ኒካሁ ለኅዳር ማለቂያ ተቀጥሯል። የቀረ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ሐጂ ዓብዱልጀባር ባነር አሳተመ።

ደሴ ድረስ ሄዶ ነው ያሳተመው። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ከሃያ፣ መደቡ አረንጓዴ፣ ፊደሉ ወርቅማ፤ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቀለ። ከታች የራሱ ስም አለ፤ ከእሱ በላይ አሥራ አራት አባቶች ይወጣሉ። ሦስተኛው መስመር ላይ አያቱ «ባላባት ዑመር ሳቢር» ተብለው ተጽፈዋል። ጫፉ ላይ በስድስት መቶ ዓመተ ሂጅራ ከሒጃዝ የመጡ አንድ ወሊይ፣ የአሏህ ወዳጅ፣ አሉ።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄጄ ባነሩን ባየሁበት ቀን ሻይ እስኪቀርብ ዓመቱን ለአባቶቹ አካፈልኩት። ከስድስት መቶ ዓመተ ሂጅራ እስከ ሐጂ ልደት ያለው ጊዜ ለአሥራ አራት ሲካፈል ሃምሳ ስድስት ይደርሳል። እያንዳንዱ አባት ልጁን የወለደው በአማካይ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው ማለት ነው። ሐጂ ራሱ የመጀመሪያ ልጁን የወለደው በሃያ ሦስቱ ነው። ዘሩ በምን ምክንያት እንደተጣደፈ አልጠየቅኩትም።

ሐጂ ግን ጥያቄ ነበረው። የእነሱ ዘር የታወቀ ስለሆነ የልጅቱም ይታወቅ አለ፤ ሰባት አባት፣ በቃል ሳይሆን በመዝገብ። በአፍማ ሁሉም የሼህ ልጅ ነው አለ። በዚህች ብቻ ተስማማን።

በእኛ አገር ሰባት አባት የሚቆጠረው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ የሚጋቡት ሁለቱ ዘመዳሞች አለመሆናቸውን ለማወቅ። ሐጂ ነገሩን የከብት ገበያ አደረገው። ወረቀቱ እስከ ኅዳር አጋማሽ ካልቀረበ ጋብቻው ይቀራል ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ቶፊቅ አጠገቡ ተቀምጧል። ወይፈን ሲያኮላሽ እጁ የማይንቀጠቀጥ ልጅ፣ አጎቱ ፊት ግን የምንጣፉን አበባ ይቆጥራል።

ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት በማይክሮስኮፕ ደም ውስጥ ወባ ስፈልግ የኖርኩ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ነኝ። የከሚሴ ሰው ዶክተር ይለኛል፤ አይደለሁም እያልኩ ሳርም ኖሬ ጡረታ ስወጣ ተውኩት። በድሩ የሚያውቀው እስከ አያቱ ጣሃ ድረስ ነበር። ጣሃ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ ውስጥ በቀን ሥራ የኖረ ሰው ነው፤ ከእሱ በላይ ማን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። ጆንያ ተሸክሞ የሚውል ሰው ስለ አባቱ አያት የሚጠየቅበት ጊዜ የለውም።

መጀመሪያ የሄድኩት ጣሃ ይኖርበት ወደነበረው ቀበሌ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ነኢማ የድሮው የገበሬ ማኅበር መዝገብ ቁምሳጥን ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ የቁምሳጥኑ ቁልፍ ግን ወደ ባቲ ከተዛወረው የቀድሞ ሊቀመንበር ጋር ነበር። ሰውየው መንግሥት የሰጠውን ሥራ አስረክቦ ቁልፉን ለራሱ ያስቀረው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱም አያውቅም። በገበያው ቀን ባቲ ወርጄ ከግመል ሻጮች መካከል አገኘሁት። ቁልፉ ከቤቱ ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ታስሮ ስድስት ዓመት በኪሱ ዞሯል።

መዝገቡ የ1968 ነው። መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ ድልድል ሲደረግ የተጻፈ፤ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ቀድሞ የነበረበት ሁኔታ፣ የጣት አሻራ፣ ምስክር። ጣሃን በተራ ቁጥር 38 አገኘሁት፦ ጣሃ አሊ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ቤተሰብ አምስት። ለአንድ ሰዓት ያህል በማጉያ መነጽር አየሁት፤ አሊ የሚለው ስም ላይ ጥርጥር አልነበረም። ከዚያ እንደ ልማዴ የቀረውንም ገጽ አነበብኩ። ተራ ቁጥር 41 ላይ ቆምኩ። ነኢማ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀችኝ። ሁለቱን መስመሮች በኮፒ አውጥታ ማኅተም እንድትመታልኝ ብቻ ነገርኳት።

ቀጥሎ ጨፋ ሮቢት ወደ ሼህ ከማል ሄድኩ። ኒካህ የሚያስሩት እሳቸው ናቸው፤ የአባታቸውንም የኒካህ ደብተር በቆዳ ጠቅልለው ይዘዋል። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ሼሁ ግማሽ ቀን ገለጡ። ጣሃ ሲያገባ «ጣሃ ኢብን አሊ ኢብን ቦሩ» ተብሏል። ከቦሩ በላይ የለም። ለመሊካ በድሩ፣ ቃሲም፣ ጣሃ፣ አሊ፣ ቦሩ፤ አምስት።

ወረቀቱን ጻፍኩና ስድስተኛውንና ሰባተኛውን መስመር ባዶ ተውኳቸው። በድሩ ሲያየው ደሙ ፈላ።

«አንተ ሰው፣ ሁለት ሙታን ብትጨምር ማን ይከስሃል? እነሱ ናቸው የሚከሱህ?»

ያላየሁትን እንደማልጽፍ ነገርኩት። ያን ሁሉ ዓመት ወባ የለብህም ስትለኝ አይተህ ነው ወይ ብሎ ተሳለቀ። አዎ፣ አይቼ ነው አልኩት። የልጁ ትዳር በእኔ ግትርነት ሊፈርስ ነው ብሎ ለእህቴ ከሰሰኝ፤ እህቴም ከእሱ ጋር አበረች። ነገሩን የቆረጠችው መሊካ ናት። የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ባዶውን ባዶ ተወው፣ አጎቴ። እዚያ ቤት ገብቼ የምኖረው እኔ ነኝ። የተፈበረከ ቅድመ አያት ስሸመድድ አልኖርም።»

ኅዳር 14 ቀን በሐጂ ሳሎን ተሰበሰብን፤ ሐጂ፣ ሼህ ከማል፣ በድሩ፣ ቶፊቅና እኔ። ሐጂ ወረቀቱን ተቀብሎ በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ሁለቴ ቆጠረ።

«አምስት» አለ። «ከአምስቱም አንዱ ቦሩ፤ የእስላም ስም እንኳ አይደለም። ሁለት ጎደለ።»

«ጎደለ» አልኩ። «መዝገብ የሌለውን አልጻፍኩም።»

«የእኔ አሥራ አራት ነው። አንድም ባዶ የለበትም።»

«የእርስዎንም አግኝቻለሁ» አልኩና ሁለተኛውን ኮፒ አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ተራ ቁጥር አርባ አንድ። ዑመር ሳቢር፣ ዕድሜ ስልሳ አንድ፣ ጢሰኛ፣ አባቱም ጢሰኛ። በመሐላ ያረጋገጠ።»

ቶፊቅ ከምንጣፉ ላይ ዐይኑን አነሳ። ሐጂ ወረቀቱን ነጥቆ አየ፤ ማኅተሙን አየ፤ ጀርባውንም ገልብጦ አየ። ጀርባው ላይ ምንም የለም።

ያን ጊዜ ጢሰኛ ነኝ ያላለ ማን ነበር አለ። ባላባት ነኝ ያለ መሬቱን ይነጠቅ ነበር፤ አያቱ ደግሞ ሞኝ አልነበሩም።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ። «ወረቀቱ ይህን አይለይም። እንግዲያው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አያትዎ ጢሰኛ ነበሩ፤ ወይ ባላባት ሆነው በሐሰት ምለው የጢሰኛ ድርሻ ወስደዋል። የትኛውን ልጻፍ?»

ሼህ ከማል እስከዚያ ድረስ መቁጠሪያቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«ዓብዱልጀባር» አሉ በእርጋታ፣ «የቦርከናው ዳር ማሳህ የመሬት ደብተር የወጣልህ ከአያትህ ድርሻ ነው፣ አይደል?»

ሐጂ ደብተሩን ካወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከሚሴ ውስጥ ያላሳየው ሰው ስለሌለ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ዱጋ» አሉ ሼሁ በኦሮምኛ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «ባላባት ካደረግከው የማሳው ነገር ይጠየቃል። አሏህም ስለ መሐላው ይጠይቃል።»

በድሩ እስከዚያ ድረስ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ነበር፤ ኮፒውን ስንመጣ በመንገድ ላይ አሳይቼዋለሁ። አሁን ወደ እኔ ዞረ።

«ምስክሩንም አንብብለት» አለኝ።

አነበብኩ፦ ምስክር፣ ጣሃ አሊ፣ አሻራ።

«አያቴ ነው» አለ በድሩ። «አያትዎ መሬት ያገኙት በእሱ አውራ ጣት ነው። የእኛ ዘር ጉድለቱ ይሄ ነው፣ ሐጂ፤ ሰው ከለመነው ይመሰክራል።»

ሼህ ከማል ሳቃቸውን በሳል ሊሸፍኑት ሞከሩ፤ አልተሸፈነም። ሐጂ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈው። ሌላ ማን እንዳየው ጠየቀኝ። ነኢማ፣ ሼሁ፣ በድሩና እኔ አልኩት፤ ዋናው መዝገብ ደግሞ ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ቁልፉም ከባቲ ተመልሷል።

«ጢሰኛ ነበር» አለ ወደ ምንጣፉ።

ሰምቼዋለሁ። «ምን አሉ?» አልኩ እንደገና።

«ጢሰኛ ነበር በል! ጻፈው።»

ጻፍኩት። ቀን አደረግኩበት፤ እንዲፈርም ብዕሩን ሰጠሁት፤ ፈረመ። ቶፊቅ ያን ጊዜ ኒካሁ በቀጠሮው ይሁን አለ፤ በዚያ ቤት ሳይጠየቅ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ድፍረቱ የመጣው አጎቱ ከወደቀ በኋላ መሆኑን ግን መዝግቤዋለሁ።

የእኛም ወገን ከዚያ የተሻለ አልሆነም። በሳምንቱ መጋዘኑ በር ላይ የበድሩ ዘመዶች ለሐጂ ቤተሰብ መሬት የሰጠነው እኛ ነን ማለት ጀመሩ፤ ጣሃ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቀን ሠራተኛነት ወደ መሬት አዳይነት ከፍ አለ። ባቲ ያለው የበድሩ ወንድም ደግሞ ደውሎ ሁለቱን የጎደሉ አባቶች እንዳገኛቸው አበሰረኝ። ሁለቱም ሼሆች ናቸው። የት መዝገብ ላይ ብዬ ስጠይቀው በሕልሙ እንደሆነ ነገረኝ።

ኒካሁ ኅዳር 22 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ታሰረ። ሐጂ ዓብዱልጀባር በምስክርነት ፈረመ። ሼህ ከማል የሚሞሉት ቅጽ ለእያንዳንዱ ተጋቢ ሦስት የስም ቦታ ብቻ አለው፤ የራስ፣ የአባትና የአያት። ቶፊቅ ሰዒድ ዓብዱ፣ መሊካ በድሩ ቃሲም። ቅድመ አያቶቹ ዑመርም ጣሃም ቦታ አልነበራቸውም። ቅጹን ሞልቶ ማስፈረም አራት ደቂቃ ወሰደ።