በገጀራ የሚቀየር ስም

ገጀራው መጀመሪያ ያረፈው ጉማሬው ላይ ነበር። ቦናሬሪ ከጠዋት ጀምራ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሰው የቆየችው የድንጋይ ጉማሬ ከወገቡ ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛው ምት ለባሏ ለኬባሶ ደረሰ። ኬባሶ ድንጋይ ቀራጭ ነው፤ ክንዱን አንስቶ ሲመክት ስለቱ ከክርኑ በታች ሸረከተው፤ ደሙም ነጩ የድንጋይ ብናኝ ላይ ተንጠባጠበ።

"ሞጋካ! አብደሃል? አማችህን እኮ ነው!" ብላ ጮኸች።

"አማቼ ስለሆነማ ነው ክንዱን ያልኩት" አለ ታላቅ ወንድሟ። "ሌላ ቢሆን አንገቱን ነበር። ተነሺ! ዛሬ የባልሽን ስም ትይዣለሽ። አለዚያ ባልሽን ትቀብሪያለሽ።"

ሚስቱን "ስሜን ያዢ" ብሎ የሚደበድብ ባል በኪሲ ኮረብቶች አዲስ ነገር አይደለም። እህቱን የባልሽን ስም ያዢ ብሎ የሚደበድብ ወንድም ግን ሞጋካ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ምክንያት ነበረው። አባታቸው ኦምባቲ ከሞቱ ሁለት ወራቸው ነው። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ፣ ከወንዙ በላይ ያለችው የሻይ መሬት የቦናሬሪ ናት ብለው በሁለቱም ፊት ተናዘዋል። ከነገ ወዲያ ሐሙስ ደግሞ የቀበሌው ሹም የወራሾችን ስም ጽፎ ለፍርድ ቤት ይልካል። በመንደሩ አንድ የታመነ ነገር አለ፤ መታወቂያዋ ላይ የባሏ ስም የሰፈረ ሴት ከአባቷ ወራሾች ትፋቃለች። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ነገሩን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ቦናሬሪ ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን መታወቂያዋ ዛሬም "ቦናሬሪ ኦምባቲ" ይላል።

"ለእኔ ጥሎሽ በመጡት ላሞች አይደል ወይ ሚስት ያገባኸው?" አለችው። "ስድስት ላም አላጠገበህም?"

"ላሞቹ ሄዱ፣ ሚስቲቱ ቀረች። አሁን ደግሞ መሬት ትለኛለች።" ይህን ብሎ በጥፊ ሲላት ከንፈሯ ጥርሷ ላይ ተተረተረ። ከዚያም በሻሿ ጎትቶ ሞተር ሳይክሉ ላይ ወረወራት።

ባልም መፈረም ስላለበት ለሦስት ተጭነው ወደ ከተማ ወረዱ። ሞጋካ ይነዳል፤ ኬባሶ መሃል ሆኖ ክንዱን በሸሚዙ ጨብጧል፤ ቦናሬሪ ከኋላ ሆና ባሏ እንዳይወድቅ አቅፋዋለች። ከተማው መግቢያ ላይ ሞጋካ መድኃኒት ቤት ደጃፍ አቆመና ከገዛ ኪሱ ከፍሎ ክንዱን በፋሻ አስጠቀለለለት። ማመልከቻው ላይ ደም ተንጠባጥቦ "መልሳችሁ አምጡ" እንዳይባል ሰግቶ እንጂ አዝኖለት አይደለም።

ቦናሬሪ የኬባሶን ስም ጠልታው አታውቅም። በሠርጋቸው ሰሞን ራሱ "ከፈለግሽ" ብሏት ነበር። "ዝናቡ ይቁምና" አለችው። ዝናቡ ቆመ፣ ሥራ በዛ፣ ተረሳ። ያኔ ቢሆን እንደ አዲስ ቀሚስ ደስ ብሏት ትለብሰው ነበር። አሁን ግን ከንፈሯን በሻሿ እየጠረገች፣ ስሙ ደም ደም ሸተታት።

የመታወቂያ ጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ "ገጀራ ይዞ መግባት ክልክል ነው" ሲለው ሞጋካ እንደ ጃንጥላ አስረክቦ ቁጥር ተቀበለ።

መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ማመልከቻውን ተቀብላ ኬባሶን አየችው። በግራ እጁ ነበር የሚፈርመው።

"ክንድህ ምን ሆነ?"

"ድንጋይ ነው" አለ ሞጋካ።

"አንተን አልጠየቅሁም።"

ኬባሶ ወደ ሚስቱ አየና "ድንጋይ ነው" አለ።

ሴትዮዋ የቦናሬሪን ጣቶች አንድ በአንድ ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈቻቸው። አሥር ጥቁር ጠብታ ብቻ ታተመ። ጠርጋ ደገመች። አሁንም የአሻራ መስመር የሚባል ነገር የለም።

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ድንጋይ አለሰልሳለሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ።"

"ድንጋዩም አንቺን አለስልሶሻል። በይ፣ ሁለት ሳምንት ሥራ አቁሚ፣ እጅሽን ቅባት ቀቢና ተመለሺ።"

"ሁለት ሳምንት? ወራሾች የሚጻፉት እኮ ሐሙስ ነው!" አለ ሞጋካ። "ሆን ብላ ነው! ደህና አድርጋ አልተጫነችም!" የእህቱን እጅ ነጥቆ አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ደፈቀና በሙሉ ክብደቱ ተደገፈባት። ጣቷ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ።

ጩኸቷን አዳራሹ ሁሉ ሰማው። በሕይወቱ ከድንጋይ በቀር ምንም መትቶ የማያውቀው ኬባሶ በደህናው እጁ ዱካ አንሥቶ የአማቹን ጆሮ ግንድ አለው። ሞጋካ ወደቀ። ኬባሶ ደገመ። ሊሰልስ ሲል ዘበኛው ደርሶ ዱካውን ነጠቀውና ሞጋካን በጉልበቱ ከሲሚንቶው ጋር አጣበቀው።

ሴትዮዋ የተበተነውን ወረቀት እየሰበሰበች "ይህ ሁሉ ለርስት ነው?" አለች። "ስሟ ቢቀየር ትፋቃለች ያለህ ማን ነው? ሹሙ የሚጽፈው የሟች ልጆችን ነው። የባሏን ስም ብትይዝ፣ የጳጳሱን ስም ብትይዝ፣ ልጅነቷ የት ይሄዳል?"

"ሁሉም ያውቀዋል እኮ" አለ ሞጋካ፣ ከሲሚንቶው ላይ። ከጆሮው ደም ይወርዳል። ጥቂት አሰበና ቀና ብሎ እህቱን አያት። "ቦናሬሪ" አላት፣ ቀስ ብሎ። "ቤት እንነጋገራለን።"

ቦናሬሪ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ሲጮህ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው እንዲህ ሲለሰልስ ነው።

ዘበኛው ያስጠራው ፖሊስ መዝገቡን በብብቱ ይዞ መጣ። ግራ ቀኙን ከሰማ በኋላ እስክሪብቶውን ሳይከፍት "የቤተሰብ ነገር ነው" አለ። "ዛሬ ከጻፍኩት ወንድምሽ ሐሙስንም፣ የሚመጣውን ሐሙስም የሚያሳልፈው እስር ቤት ነው። ሽማግሌ ቢያየው አይሻልም?"

"ይሻላል!" አለ ሞጋካ።

ወንድሟን ያሳሰረች ሴት እናቷ ቤት ውሃ አይሰጣትም። እናታቸው ደግሞ የምትኖረው ሞጋካ ግቢ ነው። ቦናሬሪ ወደ ኬባሶ ዞረች። ፋሻው ቀልቶ ደሙ በጣቶቹ ይወርዳል።

"አንቺ እንዳልሽ" አላት።

ያበጠውን አውራ ጣቷን በሌላው እጇ አቅፋ ወደ ፖሊሱ ቀረበች። "ይጻፉ" አለች።

"የከሳሽ ስም?"

"ቦናሬሪ ኦምባቲ።"

"የተከሳሽ?"

"ሞጋካ ኦምባቲ።"

ፖሊሱ ቀና አለ። "ምንና ምን ናችሁ?"

"የአንድ አባት ልጆች ነን" አለች። "እሱንም ይጻፉልኝ።"