ያረፈደ አለ

በቅድስት ሞኒካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በዓመቱ መዝጊያ ቀን፣ ቴክላ ዘርጋ ደወሉን ስትመታ እዚያ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሁሉ ከያለበት መጥቶ ተሰለፈ።

ሁሉ ስንል ሁሉ ነው። ያቋረጠው፣ የተባረረው፣ አንዱን ክፍል ሲደጋግም ጢም ያበቀለው ሳይቀር መጣ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የዋሪት ከተማ ሰው ግን መስከረምን ምን አስጠበቀው፣ ጉዱን በሰኔ አየ።

ደወሉ እንኳ ደወል አይደለም። የአሮጌ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ከቤተ ጸሎቱ አጠገብ ካለው ወይራ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ በፌሮ ብረት ይመታል። አንድ ጊዜ ከተመታ ክፍለ ጊዜው አለቀ፤ ሦስት ጊዜ ከተመታ ወደ ቤት፤ ሳያቋርጥ ከተመታ ሰልፍ። በመዝጊያው ቀን ከተሰናባቾቹ አንደኛ የወጣው ተማሪ ሦስቴ መትቶ ዓመቱን ይሸኛል። ዘንድሮ አንደኛ የወጣችው ቴክላ ናት።

ሦስቴ ብቻ መምታት ነበረባት። ግን እስቲ ፍረዱ! ዕድሜዋን ሙሉ ሌላ ሰው በመታው ደወል ስትነሳና ስትቀመጥ የኖረች ልጅ፣ ፌሮውን እጇ ላይ ሲያደርጉላት ምን ታድርግ? አንዴ መታች፣ ሁለቴ መታች፣ ሦስቴ መታች፣ ደስ አላት። ደስ ሲላት ደገመች። ጓደኞቿ በእልልታ አጀቧት። እየሳቀች፣ የፀጉሯ ማሰሪያ ወልቆ፣ ክንዷ እስኪዝል ወቀጠችው።

መጀመሪያ የተነሱት ከንቲባው ናቸው። የክብር እንግዳ ተብለው አበባ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ኋላ ተሰይመው ነበር። ንግግራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ሜዳው ወርደው ከአንድ መስመር መጀመሪያ ላይ ቆሙ። ሰልፉ በቁመት ነው፤ ከንቲባው አጭር ናቸው።

«ምነው ጌታዬ?» አላቸው ጠባቂያቸው።

«ተደወለ እኮ» አሉት።

ከዚያ በሩ ተጨናነቀ። ትራፊክ ፖሊሱ መስቀለኛ መንገዱን ለመኪኖቹ ትቶላቸው መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን እንደያዘ መጣ፤ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛው ደግሞ «ኧረ ጨርስልኝ!» እያለ ከኋላው ይሮጣል። ደንበኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆነ ዘበኛው ከበር መለሰው። ሙሽሪት ከነቬሏ መጣች። ሙሽራውም ሌላ ቦታ ነው የተማረው፤ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ አበባውን ይዞ ቀረ። ባለሉካንዳው ሄራሞ ከነሽርጡ፣ ነርሷ ከነጓንቷ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች ከነክራቫታቸው እየተንደረደሩ ገቡና ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ማንም ቦታው የት እንደሆነ አልጠየቀም።

«መምጣት ፈልጌ አይደለም» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ «እግሬ ነው ያመጣኝ።»

ዳይሬክተሯ ሲስተር ጁስቲና አልተገረሙም። በዚህ ሜዳ ላይ የቆመውን ሁሉ፣ ከሽማግሌዎቹ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና በሰልፉ ፊት ቆሙ።

«ጥፍር!» አሉ።

የዋሪት ከተማ ባለሥልጣን፣ ነጋዴና ባለሙያ በሙሉ እጁን ወደ ፊት ዘረጋ።

ሲስተር እያንዳንዱን እያዩ አለፉ። ሄራሞ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ደም ነው ሲስተር። የበሬ ነው።»

«ታጥበህ ተመለስ።»

የከንቲባው ስልክ ጮኸ። ሲስተር መዳፋቸውን ዘረጉ። «ሲስተር፣ ከዞን ነው፤ ስብሰባ አለብኝ» አሉ ከንቲባው በቀጭን ድምፅ። ሲስተር መዳፋቸውን አላጠፉም። ስልኩ ከዚያ በኋላ በሲስተር ኪስ ውስጥ ሆኖ ሲጮህ ዋለ። ራሱን ሙሉ በሙሉ ሽበት የወረሰው አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጎፈሬ አሳድጎ ተገኘ።

«ወላጅ አምጣ» አሉት።

«ወላጆቼ አርፈዋል ሲስተር።»

«እንግዲያው ልጅህን አምጣ።»

«ልጄም ያውና፣ እዚያኛው ሰልፍ ላይ ነው። የልጅ ልጄም ከዘጠነኞቹ ጋር ነው።»

ሲስተር ሦስቱንም በየተራ አዩ። ጎፈሬው በዘር የሚተላለፍ ኖሯል። «በሉ ሦስታችሁም ነገ ተስተካክላችሁ ኑ» አሉ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። «ፀጥታ!» ተባለ፤ ማን ይስማ! አንዱ ጠመኔ ወረወረ። ሙሽሪት የድሮ የወንበር ጓደኛዋን አግኝታ ጆሮ ለጆሮ ያወራሉ። ከንቲባው ከጎናቸው የቆመውን የባንክ ሥራ አስኪያጅ በክርናቸው ጎሰም ሲያደርጉ ተያዙ። ቴክላ ከወይራው ሥር ፌሮዋን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሳቋ የቆመው ከከንቲባው ኋላ ክፍት ቦታ ስታይ ነው።

ቦታው የአንድ ሰው ስፋት ነበር። ሄራሞ እጁን ታጥቦ ተመልሶ ከዚያ ቦታ በስተኋላ ቆሟል፤ ወደ ፊት ግን አልተጠጋም።

«ጋሼ ሄራሞ፣ ለምን አይጠጉም?» አለችው ሄዳ።

«የአባትሽ ቦታ ነዋ» አላት። «ዘርጋ መቼ በሰዓቱ መጥቶ ያውቃል? ሁሌም እንተውለት ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ዘርጋ የቅድስት ሞኒካ ልጅ ነው፤ ኋላ ሹፌር ሆነ። ቴክላ ገና ፊደል ስትቆጥር ቡና ጭኖ ወደ ሞያሌ ወረደ፤ ወረደ እንደተባለ ቀረ። መኪናውም፣ ሬሳውም፣ ወሬውም አልተገኘም። ከተማው ሞቷል ብሎ ቆረጠ። እናቷ ወይዘሮ ትርፌ ግን «ዓይኔ ያላየውን አላለቅስም» አለች። እድሩ ሁለት ጊዜ ድንኳን ይዞ ደጇ መጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሳዋለች። የእድሩ ዳኛ ይኸው ሄራሞ ነው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ውሻ ለቃበታለች ይባላል። ስለዚህ ቴክላ አባት ያላትም የሌላትም ሳትሆን አደገች። ሰው «አባትሽስ?» ሲላት ጫማዋን ስታይ ነው የኖረችው።

አሁን ግን እግር ያለው ሁሉ እየመጣ ነው። ቴክላ ወደ ሲስተር ሮጠች።

«ሲስተር፣ አባቴ ያረፍድ ነበር?»

«ዘርጋ? ያላረፈደበትን ቀን አላስታውስም።»

«ምን ያደርጉት ነበር?»

«በር ላይ፣ ጠጠሩ ላይ አንበረክከዋለሁ። ሰልፍ ሳይፈታ የደረሰ አርፋጅ ትንሽ ተንበርክኮ ይገባል። ከተፈታ በኋላ የመጣ ይመለሳል።»

«ይመለሳል? የት?»

«ወደመጣበት» አሉ ሲስተር። «ሕግ ነው ልጄ።»

ቴክላ ወደ ወይራው ተመለሰች። ፌሮውን ታቅፋ ሥሩ ላይ ተቀመጠች።

ፀሐይ ዞረች። ሰዉ እንደተሰለፈ ነው፤ ሦስቴ ካልተመታ ማንም እግሩን ማንሳት አልቻለም። ከሩቅ ከተማ የተነሱት በየአውቶቡሱ ይደርሱ ጀመር፤ አንዱ በነጠላ ጫማ፣ አንዷ ሊጥ በእጇ። ሁሉም በር ላይ ጠጠሩ ላይ ይንበረከካሉ፣ ሲስተር «ተነስ፣ ግባ» ይሏቸዋል፣ ይገባሉ። በደረሱ ቁጥር ቴክላ ትነሳለች፣ ታያለች፣ ትቀመጣለች።

ሙሽራው አጥር ላይ ወጥቶ ለመናት። «እህቴ፣ በእናትሽ ምቺው! ድግሱ ቀዘቀዘ፣ እንግዳው እኔን ሊበላኝ ነው!»

«ያረፈደ አለ» አለች ቴክላ።

«ተዪው፣ ይጠብቅ!» ጮኸች ሙሽሪት ከሰልፉ። «እኔ እሱን ሦስት ዓመት ጠብቄዋለሁ!» ሜዳው እንደገና ፈረሰ።

ከንቲባው ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ከተማው እኮ ያለ ሰው ቀረ» አሏት። «ዘብ የሚቆም የለም፣ የሚሸጥ የለም።»

«ያረፈደ አለ፣ ክቡር ከንቲባ።»

«ማነው እሱ?»

«ከኋላዎ የሚቆመው።»

ከንቲባው ዞር ብለው ክፍቱን ቦታ አዩ። ተመልሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። ወሬው ከመስመር ወደ መስመር ሲያልፍ ሳቁ በረደ፤ ጠመኔ መወርወሩም ቆመ። ይሁን፣ እንጠብቃለን አለ ሰዉ፤ ድሮም ዘርጋን ሳይጠብቁ የፈቱት ሰልፍ የለም።

አውቶቡሶቹ አለቁ። ጠጠሩ ባዶ ሆነ። ደመናው ከተራራው ወርዶ ቤተ ጸሎቱ ጣሪያ ላይ ተቀመጠ፣ ቀጥሎም የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ እንደ ጉድ ወረደ። የሙሽሪት ቬል እላይዋ ላይ ተለጠፈ። የከንቲባው ንግግር ኪሳቸው ውስጥ ሟሟ። ቴክላ ቸርኬውን ተደግፋ ቆመች። ልቧ «አይመጣም» አላት። ሰዉን ሁሉ በከንቱ አስበሰበስኩት ብላ አፈረች። ፌሮውን አነሳች።

«ቆይ!» የሚል ድምፅ መጣ ከወላጆች ወንበር። እናቷ ናት። ወይዘሮ ትርፌ ዣንጥላዋን ይዛ ቆማ በሩን እያየች ነበር።

በር ላይ፣ አርፋጅ በሚንበረከክበት ቦታ፣ ዝናብ የማይመታው ጠጠር ነበር። ዙሪያው ውኃ ይዘላል። እዚያ ግን የተንበረከከ ሰው ስፋት ያህል ጠጠር ደርቆ ነጭ ሆኗል።

ሲስተር ጁስቲና በጭቃው መሃል ወደ በሩ ሄዱ። ደረቁን ቦታ ቁልቁል አዩት።

«ዛሬም?» አሉ።

ሲስተር ትንሽ ቆዩ፤ ሁሌም ትንሽ ይቆያሉ።

«ተነስ፣ ግባ።»

ደረቁ ቦታ ከጠጠሩ ተነሳና ወደ ሜዳው ገባ። አይቸኩልም፤ የለመደበት አርፋጅ አይሮጥም። ባለፈበት ዝናቡ ግራና ቀኝ ይከፈልና ከኋላው ይገጥማል። በሰልፎቹ መሃል አልፎ ከከንቲባው ኋላ ቆመ። ሄራሞ ሳያስበው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለለት።

«ርቀት ጠብቅ!» አሉ ሲስተር።

ሁሉም ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ የፊተኛውን ትከሻ ነካ። ከንቲባው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«መጥቷል» አሉ። «እጁ ግን ቀዝቃዛ ነው።»

ሲስተር ወደ ወይራው ዞሩ። «አሁን ምቺው ልጄ።»

ቴክላ መታች። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ክንዷ ትንሽ ዘገየ፣ ግን መታች። ዓመቱ ተዘጋ። ሰዉ «ሆ!» ብሎ ተበተነ፤ ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ ወደ አጥሩ በረረች፣ ሙሽራው ዘሎ ተቀበላት፣ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ራሱ የተላጨውን ደንበኛውን ሊፈልግ ወጣ፣ ከንቲባው ስልካቸውን ለመጠየቅ ሳይደፍሩ ሄዱ። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው በጭቃው ተንሸራተቱ፣ እየተጯጯሁ፣ እየተገፋፉ።

ደረቁ ቦታ ብቻ ከሜዳው መሃል አልተነሳም።

ቴክላ ፌሮውን ጣለችና ሄዳ ውስጡ ቆመች። ዝናቡ ቆመላት። እናቷም መጣች፤ ዣንጥላዋን አጠፈችና ከሌላው ጎን ገባች። ወይዘሮ ትርፌ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ ለበሰችው።

ሄራሞ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር።

«ድንኳኑን ነገ አምጡ» አለችው።

«ዛሬ ማታውኑ መትከል እንችላለን ወይዘሮ ትርፌ።»

«አይሆንም» አለች። «ዛሬ እንግዳ አለብን።»

ከዚያም ወጡ። ከየበረንዳው ስር የተጠለለ ሰው ሁሉ ሲያልፉ አያቸው። ጎዳናው ጎርፍ ሆኗል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እናትና ልጅ በዚያ መሃል ፀጉራቸው እንኳ ሳይረጥብ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ የታጠፈው ዣንጥላ በእናቲቱ ብብት። በመካከላቸው የአንድ ሰው ስፋት ትተዋል። ቴክላ እጇን ወደዚያ ክፍት ቦታ ዘርግታ፣ እየሳቀች፣ ስለ ፈተናው ታወራለች።