የጋሽ ባንዲራ አረንጓዴ

ጋሽ ባንዲራን የመረጡት ምላስ ስላለው አልነበረም። ምላስ ያላቸውማ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር ሞልተው ተርፈዋል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያቋርጣል፣ ሌላውን ሦስተኛው ያርማል፣ ስብሰባ የተባለ ሁሉ በጩኸት ተጀምሮ በኩርፊያ ይበተናል። እሱን የመረጡት በሌላ ምክንያት ነው። ጋሽ ባንዲራ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጣቢያው ባንዲራ ያዥ ነበር፤ ቀይ ካነሳ ባቡሩ ይቆማል፣ አረንጓዴ ካነሳ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ዘመኑ ታዲያ ሀዲዱን በእግሩ ሄዶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ ነፃ መሆኑን ሳያረጋግጥ አረንጓዴ አንስቶ አያውቅም። "እኔ አይቼዋለሁ" የሚለውን ሰው አይሰማም። አንድ ጊዜ የጣቢያው አለቃ ሚኒስትር የጫነውን ባቡር ቶሎ እንዲለቅ በመስኮት ብቅ ብሎ ቢጮህበት፣ ቀዩን እንዳነሳ ጀርባውን ሰጥቶት ሀዲዱን ሊያይ ሄደ። ሀዲዱ ላይ ምንም አልነበረም። ሰፈሩ ግን ይህን እስከ ዛሬ እንደ ተአምር ያወራዋል፤ ምንም ባይኖርም አይቶ ነው የመጣው እያለ።

የጣቢያው እድሳት ወሬ ሲሰማ ማንም አልከፋውም። ጣራው የሚያፈሰውን፣ ባለቅስት መስኮቶቹ በካርቶን የተደፈኑትን፣ በቲኬት መሸጫው ርግብ የምትፈለፍልበትን ያን ትልቅ ሕንፃ አምሮበት ማየት ማን ይጠላል? ነገር የመጣው ኋላ ነው። ድሮ ለባቡር ሠራተኞች የተሠሩት፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተደገፉት ቤቶች በአዲሱ ፕላን ላይ የሉም ተባለ። አንዱ አሉ አለ፣ ሌላው የሉም አለ፤ ቢጠየቅ የሚመልስ ጠፋ። በመጨረሻ በልብስ ማስጫው ግቢ ተሰብስበው የተለመደውን ያህል ተጨቃጨቁና፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳይኳረፉ አንድ ቃል አወጡ፦ "ምትክ ቤት ሳይሰጠን ቤታችን አይፍረስ።" እቅዱ ለሕዝብ በሚቀርብበት ዕለት ይህችን ጋሽ ባንዲራ ይናገርልን ተባለ።

ጋሽ ባንዲራ ቃሏን ጢሙን ሲላጭ አጠናት፣ ጫማውን ሲያስር አጠናት። ሚስቱ ሰለቻት።

"አሁንስ እኔም ቤቱን ላፈርሰው ነው" አለችው። "ምናለ ስንበላ እንኳ ብታሳርፈን?"

"እንዳይጠፋኝ ነዋ።"

"አምስት ቃል ሰው ይጠፋዋል? ባቡር ስታስቆም የኖርክ ሰውዬ።"

የድሮ ኮቱን ያጠበበችለት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ባሏ የባቡር ነጂ ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በስፌት መኪናዋ ነው። ኮቱን ትከሻው ላይ ጥላ በመርፌ እየሰካች፣ "አንተ ነህ የከሳኸው ወይስ ኮቱ ነው የወፈረው?" ስትል አሾፈችበት። ከዚያ መርፌዎቹን ከአፏ አውጥታ የልቧን ነገረችው። ከባቡሩ መሥሪያ ቤቶች ወዲያ አንዲት የኪራይ ክፍል አግኝታለች። ጠባብ ናት፣ ግን መስኮት አላት፣ መኪናዋ ልክ ከመስኮቱ ሥር ትገባለች። አከራይዋ ደግ ሰው ሆና፣ ነገሩ እስኪለይላት ድረስ ለሌላ ሳትሰጥ አቆይታላታለች። "ከዚህ ግን መሄድ አልፈልግም" አለች። "አንተ የምትለውን ሰምቼ እወስናለሁ።"

"ስሚኝ ግዴለም" አላት ጋሽ ባንዲራ።

እቅዱ በሚቀርብበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጣቢያው የመንገደኞች አዳራሽ ወንበር ተደርድሮ ቆየ። ግማሹ ግድግዳ በብረት መወጣጫ ተሸፍኗል፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል፣ የኖራው ብናኝ ኮት ላይ ያርፋል። ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ጋሽ ባንዲራን ግን እድሳቱን የነደፈችው ወጣት አርክቴክት ገና ከበሩ ላይ አወቀችው። ከጣቢያው አሮጌ ፎቶዎች መካከል ባንዲራ ይዞ የቆመበትን አግኝታ ስታፈላልገው ነበር።

"አባቴ፣ እርስዎ ነዎት አይደል?" አለችው እጁን በሁለት እጇ ይዛ። "ፎቶዎ ዴስኬ ላይ ነው ያለው። ይምጡ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት።"

መካከል ላይ በጠረጴዛ የቆመው ከታደሰ በኋላ የሚሆነው ጣቢያ ትንሽ ሞዴል ነበር። ጋሽ ባንዲራ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ጣራው ድኗል፣ ቅስቶቹ ብርጭቆ ገብቶላቸዋል፣ የክብሪት እንጨት የሚያህሉ ሰዎች ሻንጣ ይጎትታሉ። ልጅቷ ጣቷን ወደ መሳፈሪያው ጫፍ ዘረጋች። እዚያ ኮት የለበሰ አንድ ትንሽ ሰው እጁን አንስቶ ቆሟል፤ በእጁ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል አረንጓዴ ነገር አለች።

"ይሄ እርስዎ ነዎት" አለችው።

ጋሽ ባንዲራ ጎንበስ አለ። መነጽሩን አደረገና ደግሞ ጎንበስ አለ። ልቡ ቅቤ ጠጣ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ያን ጣቢያ ሲያልፍ ሰላም ያለው ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን ቁጭ ብሎ የቀረጸው ሰው ተገኘ። ኮቱ ስንት ቁልፍ እንዳለው ሳይቀር ሊያይ ሞከረ። ልጅቷ ስለ ሙዚየሙ፣ ስለ አዲሱ መስመር፣ ስለ መናፈሻው ታስረዳዋለች፤ እሱ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። ከመሳፈሪያው ጀርባ፣ ቤቶቹ ባሉበት ቦታ ላይ ሣርና የመኪና ማቆሚያ ብቻ መሆኑን እዚያው አፍንጫው ሥር ማየት ይችል ነበር። ሰውዬው የሰፈሩን ቤት ሊፈልግ መጥቶ ራሱን ሲያገኝ ፍለጋውን ተወው።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ በጥድፊያ ሆነ። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ንግግር አድርጎ ጨረሰና ጋሽ ባንዲራን ወደ መድረኩ ጠራው። አዲስ አረንጓዴ የሐር ባንዲራ በእጁ አስያዙት። "እንግዲህ" አለ ሥራ አስኪያጁ በማይክሮፎኑ፣ "የዚህ ሥራ መንገድ መከፈት አለመከፈቱን የሚነግሩን የዚህ ጣቢያ ሰው እዚህ አሉ። ይክፈቱልን።"

ጋሽ ባንዲራ መጀመሪያ ሊናገር ነበር ሐሳቡ። ግን ፎቶ አንሺዎቹ ተንበርክከዋል፣ ልጅቷ በፈገግታ ታየዋለች፣ ሐሩ በጣቶቹ መካከል ይንሸራተታል። አንስቼ እናገራታለሁ፣ ምን ይሆናል፣ አለ በልቡ። ደረቱን ነፋ። አረንጓዴውን እንደ ወጣትነቱ ክንዱን ዘርግቶ አነሳው።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ማይክሮፎኑ አፉ ላይ ተደቀነ። ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ጠፍታው ቢሆንማ ምንኛ በተሻለው። ግን ይህ ሁሉ ሰው እየሳቀለት ሳለ ያቺን ተናግሮ ፊታቸውን ማጥቆር ነውር መሰለው። "ጣቢያችንን እንዲህ ሆኖ ስላየሁት ደስ ብሎኛል" አለ። "እግዜር ይስጥልን።" ሥራ አስኪያጁ ማይክሮፎኑን ወሰደና የነዋሪው ተወካይ መንገዱን ስለከፈቱልን እናመሰግናለን፣ የኋለኛውን ክፍል ቤቶች ማፍረስም በመጪው ሳምንት ይጀመራል አለ።

ጋሽ ባንዲራ ያን ሲሰማ ዓይኑን ወደ ኋላ ወረወረ። የሰፈሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ አጨበጨበች፤ ሚስቱም አጨበጨበች፤ ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ፣ ከፊት ካሉት ይልቅ እነሱ በረታ ብለው። ለምን እንደሚያጨበጭቡለት አልገባውም። ስላልገባውም ፈራ።

ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ ነው፤ ሰው ጎንበስ ቀና እስኪል ይደርሳል። እሱ ግን በጎን በር ወጥቶ፣ በሀዲዱ ዳር ወርዶ፣ የድሮው የውሃ ጋን አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ መሬት እንዲህ ላለው ነገር ፈጥና አትገኝም። ምን ልበላቸው እያለ ያወጣል ያወርዳል። ተታለልኩ ልበል? ማን አታለለኝ? ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ ዓይኑን በጨው ያጠበ ብሎ እንደሚሰድበው ያውቃል። አምጦ አምጦ ሲደክመው ኮቱን አራግፎ ተነሳ።

ግቢው ውስጥ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ወንበር አውጥተው ይጠብቁታል። ሲያዩት ተነሱለት። ማንም ተነስቶለት አያውቅም ነበር።

"አንተ ሰው፣ የት ገብተህ ነው?" አለች ሚስቱ። "በል ተቀመጥና ንገረን።"

"ምኑን?"

"ምን ቃል እንደገቡልህ ነዋ" አለች ልብስ ሰፊዋ። ፊቷ ፈክቷል። "መጀመሪያማ አረንጓዴውን ስታነሳ ደንግጬ ነበር። ኋላ ግን፣ እሱ ሳያይ አያነሳም፣ ከሰዎቹ ጋር ሞዴሉ ላይ ተጎንብሶ ሲማከር የቆየው ለዚህ ነው አልኩ። ለሁሉም ነገርኳቸው። ታዲያ ምትኩን የት ሊሰጡን ነው? ቅርብ ነው?"

ጋሽ ባንዲራ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ጭብጨባው ገባው። ያ ሁሉ እጅ የተመታው በእሱ ስላመኑ ነበር። ቢሰድቡት ይመልሳል፣ ቢጮኹበት ያኮርፋል፤ ይህን ግን በምን እጁ ይቀበለው? 

"ምንም ቃል አልገቡልኝም" አለ።

"እንዴት ምንም?"

"አልጠየቅኋቸውም።"

 ሚስቱ ቀድማ ነቃች። ባሏን ታውቀዋለች፤ ፊቱን ስታየው ሁሉ ገባትና ዘላ ፊቱ ቆመች። "አታለውት ነው" አለች። "ሽማግሌ አይደል? አጣደፉት፣ ግራ አጋቡት። እኔ እኮ አይቻቸዋለሁ።"

ሰዎቹ ወዲያው እሺ ለማለት ተዘጋጁ። አንዱ "እነሱማ ምን ይሳናቸዋል" ማለት ጀምሯል። የማምለጫው በር ለሽማግሌው ተከፍቶለታል፣ ከዚያ መግባት ብቻ ነው። ጋሽ ባንዲራ ሚስቱን በዝግታ ከፊቱ ገለል አደረጋት።

"ማንም አላታለለኝም" አለ። "ልጅቷ ሞዴሉ ላይ እኔን አስቀምጣኛለች። ባንዲራ ይዤ። እሱን ሳይ ደስ ብሎኝ ነው ያነሳሁት። ቤታችሁን አላየሁትም። አልፈለግሁትምም።"

 ምላሰኞቹ ሁሉ፣ ስብሰባ በጩኸት የሚበትኑት ሁሉ፣ አንድም ቃል አልወጣቸውም። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ክፍሏን ለቅቄያታለሁ" አለች። "ከአዳራሹ እንደወጣሁ ነው ሄጄ የነገርኳት። ከእንግዲህ አልፈልጋትም፣ ለሌላ ሰው ስጪያት አልኳት።" ወደ ጋሽ ባንዲራ አልተመለከተችም። ሻርፗን ከገመዱ ላይ ስባ ወጣች።

እሱም ተነስቶ ተከተላት። አትምጣ አላለችውም፣ ናም አላለችውም። እሷ ትፈጥናለች፤ እሱ ከውሃ ጋኑ ሥር ከመቀመጥ ይልቅ በቀጥታ ቤቱ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ክፍሏ እንደማታመልጣት እያሰበ ከኋላዋ ያለከልካል። መሥሪያ ቤቶቹን አልፈው ከአንድ ሰማያዊ በር ሲደርሱ ወጣት ባልና ሚስት ፍራሽ ይዘው በጠባቡ በር ለማስገባት ይታገላሉ። አከራይዋ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያለች ትመራቸዋለች።

"ውይ፣ መጣሽ እንዴ" አለቻት ለልብስ ሰፊዋ። "አንቺ እንደሄድሽ እኮ ነው የደረሱት። የእግዜር ሥራ ነው፣ ቤት አጥተው ሲንከራተቱ ነበር።" ከዚያ ጋሽ ባንዲራን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ፊቷ በራ። ስልኳን ከኪሷ አወጣች። "ይቅርታ፣ እርስዎ ሰውዬው አይደሉም? ልጄ ፎቶዎን አሁን ላከችልኝ። ባንዲራውን ሲያነሱ እንዴት ያምርብዎታል።"

ጋሽ ባንዲራ አፉን ከፈተ። ክፍሏን ያሳጣኋት እኔ ነኝ ሊል ነበር። ልብስ ሰፊዋ ቀደመችው። አንድ ቃል ብትናገር ከሰው ፊት ልታዋርደው ትችላለች፤ መብቷም ነበር። እሷ ግን ፍራሹ በሩን አልፎ ሲገባ ዓይኗን ሳትነቅል አየችና፣ ሳትስቅ፣ ሳትቆጣ፣ እንደ ወትሮዋ ድምፅ፣

"አዎ፣ እሱ ነው" አለቻት። "የኛ ሰው ነው።"

ጋሽ ባንዲራ ያን ቀን ከሰማው ሁሉ እንደዚች ያንገበገበችው የለችም። ስልኩ ላይ ያለው ሰውዬ እጁን እንዳነሳ ነው፤ አከራይዋ እያስጠጋችለት፣ "ይዩት እንጂ፣ ይዩት እንጂ" ትለዋለች። አንገቱን ደፍቶ የገዛ ጫማውን አየ፤ ልብስ ሰፊዋ "በል እንሂድ" እስክትለው ድረስ ከዚያ ቀና አላለም።