ማሽኑ ያረደው ዶሮ

ሱረያ ከሪያድ ስትመለስ ይዛው የመጣችው ዋና ነገር አንድ ሐሳብ ነበር፤ ሁለተኛ ላለመሄድ። ሐሳቡን ያጸናልኛል ብላ የመረጠችው ደግሞ የተጠበሰ ዶሮ ነው።

ሐይቅ ከተማ ላይ ዓሣ እንጂ ዶሮ የሚጠብስ አልነበረም። የዓሣ ቤቶቹ ከአስፋልቱ እስከ ውሃው ዳር ተደርድረው እርስ በርስ እየተያዩ ይከስራሉ፤ የአብዛኞቹ ባለቤቶች የሱረያ ዘመዶች ናቸው። «ሌላ ዓሣ ቤት ከፍቼ ከዘመድ አልቀያየምም» አለችኝ። «ዶሮ ላይ ዘመድ የለኝም።»

የእኔ የልብስ ስፌት ቤት ከተከራየችው ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ስለዚህ ያሰበችውን ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። እዚያ ቤት ሐሙስ ሐሙስ ማታ ዶሮ በካርቶን ይመጣል፤ እነሱ ይበላሉ፣ የተረፈው ለእሷ ነው። «የየትኛው ድርጅት እንደሆነ ካርቶኑን ሳላይ ከአጥንቱ እነግርህ ነበር» ትላለች፤ ይህም በከተማችን የዶሮ ጥብስ ባለሙያ አድርጓታል። የሄደችው ልጇን ሰሚሃን ጡት እንዳስጣለች ለእናቷ ለዑምኩልሱም ትታ ነበር። ልጅቷ አሁን አያቷን «እማ» ትላለች፤ እናቷን «ሱረያ»። ማዳሟ እስከ ዛሬ በስልክ ድምፅ ትልክላታለች፤ ክፍልሽ እንዳለ ነው፣ ነይ እያለች። ክፍል የምትለው ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ያለውን ቦታ ነው።

ከሪያድ የመጣው ወርቅ ወንበርና ማቀዝቀዣ ሆነ። የቀረው ስም ነበር። ሱረያ የራሷን ስም አላመነችውም። «ሰው የሚያምነው ቅርንጫፍ ያለውን ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር ምን ዋስትና አለው?» ትላለች። በእኛ በኩል ቅርንጫፍ የሚሰጡ ሦስት ነበሩ፤ የኮምቦልቻው ቦርከና ቺክን፣ የደሴው ጢጣ በርገር፣ የወልድያው ዞብል ክሪስፒ። ቀምሰን እንምረጥ ተባለና እኔንና ባለባጃጁን ዝናውን አስከተለች። እኔ እስላም ነኝ፣ ዝናው ክርስቲያን። ሐይቅ ላይ የሚበላ ነገር የሚከፍት ሰው ሁለት ዓይነት አፍ ያስፈልገዋል። አብረን እናዝናለን፣ አብረን እንድራለን፣ አንዱ የሌላውን ማሳ ያርማል፤ ሥጋው ላይ ስንደርስ ግን ቢላው ሁለት ነው።

ቀን መምረጥ ራሱ ሥራ ሆነ። ሰኞና ሐሙስ ሱረያ ሱና ትጾማለች፤ ረቡዕና ዓርብ ዝናው ይጾማል። ማክሰኞ ሄድን።

ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ቺክን በር ላይ «ሐላል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ አለ። ሱረያና እኔ ዶሮውን በላን፤ ዝናው የድንች ጥብስ አዘዘ።

«እንዴት ነው?» አለ ዝናው፣ ድንቹን ትቶ አፋችንን እያየ።

«ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል» አልኩት።

«ውስጡስ?»

«ለስላሳ ነው፣ ወላሂ።»

«ድንቹ ጨው በዝቶበታል» ብሎ የበኩሉን ምስክርነት ሰጠ።

ደሴ፣ ጢጣ በርገር ውስጥ ቅዱስ ገብርኤል ክንፉን ዘርግቶ ከዋጋ ዝርዝሩ በላይ ቆሟል። ድንቹ ወደ እኛ ዞረ። ዝናው በርገሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ገመጠ።

«ከቦርከናው ጋር ስታወዳድረውስ?» አለችው ሱረያ።

«የቦርከናውን የበላችሁት እናንተ!»

«ከነገርንህ ጋር አወዳድረዋ።»

አኘከ፣ አሰበ። «ከነገራችሁኝ ይሻላል» አለ።

በመልስ ጉዞ ሱረያ ግንባሯን የሚኒባሱ መስኮት ላይ አስደገፈች። ቦርከናን ብትይዝ ግማሹ ከተማ ይቀርባታል፤ ጢጣን ብትይዝ የምትጠብሰውን ራሷም አትቀምሰውም። ሐይቅ ልንደርስ ስንል «ሁለታችሁም የመሰከራችሁለት ድንቹ ብቻ ነው» አለች።

በሳምንቱ ማክሰኞ አምባሰልን በግራ ትተን ወልድያ ገባን። ዞብል ክሪስፒ ውስጥ የሃይማኖት ጽሑፍም ሥዕልም የለም። ግድግዳው ላይ የምትስቅ ዶሮ ተሥላለች፤ ምን እንዳሳቃት አልተጻፈም። ሥራ አስኪያጁ እንየው የሚባል ከረባት ያሰረ ወጣት ነው።

«አራጁ ማን ነው?» አለ ዝናው፣ ገና ሳይቀመጥ።

«አራጅ የለንም፤ ማሽን ነው።»

«ማሽኑን ማን ያንቀሳቅሰዋል?»

«መብራት።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ጄኔሬተር አለው።»

ዝናው ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ ጄኔሬተር ክርስቲያን አይደለም።»

«እስላምም አይደለ» አልኩ።

«የማንም ካልሆነ ማንንም አይከለክልማ!» አለች ሱረያ። ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ሦስታችን ከአንድ ሳህን በላን። ጣዕሙን ብጠየቅ አላውቀውም፤ ዝናው ሲያኝክ እያየሁ ነበር፣ እሱም እኔን። «ይጥማል» አልኩ። «በጣም» አለ። ውሉን የዚያኑ ቀን ፈረመች።

ጥር ላይ ተከፈተ። ቀዩን ሽርጥ እኔ ሰፋሁ፤ የምትስቀዋን ዶሮ ከነታፔላዋ ዝናው ባጃጁ ላይ ጭኖ ከተማውን አዞራት። የመክፈቻው ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሸኾቹ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱ በበሩ ሲያልፉ «ይቅናሽ ልጄ» አሉ። የተቀመጠው ሁሉ የድንች ጥብስና ሚሪንዳ አዘዘ። «ዶሮውን በሌላ ቀን፣ ኢንሻአላህ» ይላል አንዱ። «እሱ ሲፈቅድ» ይላል ሌላው።

የካቲት ላይ ረመዷንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ገቡ። ጾሙ ደግ ነበር፤ ሰበብ ሰጠን። ዒድ ይምጣ፣ ፋሲካ ይምጣ እያልን ቆየን። ዒድም መጣ፣ ፋሲካም መጣ፤ ሰው በየቤቱ በየቢላው አርዶ በላ። ከዚያ «እንኳን አደረሰሽ» ሊላት መጥቶ ድንች ጥብስ አዘዘ።

የበግ ነጋዴው ሐጂ አብዱልከሪም አንድ ቀን ከሶላት መልስ ገብተው ሳህኖቹን ቃኙ።

«ሱረያ ልጄ፣ ዶሮዋን ማን ነው ያረዳት?»

«ማሽን ነው፣ አባባ።»

«ማሻአላህ። ቢስሚላህ ይላል?»

«ማን?»

«ማሽኑ።»

«አይናገርም፣ አባባ።»

«እንግዲያ አላህ በረካ ያድርግልሽ፤ ድንቹን አምጪልኝ።»

የዝናው እናትም ልጃቸው ለምኗቸው መጡ። ሱረያ ያቀረበችላቸውን ሳህኑ ላይ አገላብጠው አዩት። «አትቀየሚኝ ልጄ» አሉ። «የእናንተ ቢሆን የእናንተ ነው ብዬ እተወዋለሁ፤ ነውር የለውም። የእኛ ቢሆን እበላዋለሁ። የማንም ካልሆነ ግን ምን ብዬ ልብላው? ምን ብዬስ ልተወው?» ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አድርገው ጉንጯን ሳሟት።

ሱረያ ለእንየው ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ሁለት መጥበሻ ላድርግ» አለችው። «እንደ ሠርግ ቤት። ለየብቻ አሳርጄ ለየብቻ ልጥበስ።»

«የዞብል ዶሮ አንድ ነው፣ እህቴ። ወልድያ የበላ ሰው ሐይቅ ላይ ያንኑ ማግኘት አለበት።»

«ወልድያ የበላ ሰው እዚህ መጥቶ አያውቅም።»

«ሊመጣ ይችላል።»

«እሺ ዓሣስ? ዓሣ አይታረድም፤ ሁሉም ይበላዋል።»

«ዓሣ ዝርዝራችን ውስጥ የለም። ከጨመርሽ ዶሮዋን መጥተን እናወርዳታለን።»

ዶሮዋ ያለው የምትስቀዋን ነው። የሚጠበሱት ግን ተሸጡም አልተሸጡም በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ውሉ እንደዚያ ይላል። ማቀዝቀዣው መክደኛው እስኪያስቸግር ሞላ።

አንድ አመሻሽ ላይ ወደ ስፌት ቤቴ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ሰው ቢሰድበኝ እሰድበው ነበር» አለችኝ። «ሁሉም ይመርቀኛል። ምርቃትን ምን ብለህ ትመልሳለህ?»

«አብሽሪ፤ ሰው ይለምዳል።»

«ሪያድ ዘጠኝ ዓመት በላሁ፤ አንድ ቀን ማን አረደው አላልኩም።»

«እዚያማ አገሩ የእስላም ነው።»

«ዶሮው ከብራዚል ነው የሚመጣው፣ አያ ሙነወር። ካርቶኑን የምጥለው እኔ አልነበርኩ?»

መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ጀመርኩ።

«አንተስ ከወልድያው ወዲህ ደግመህ በልተሃል?»

«እኔማ ሰፊ ነኝ» አልኳት። «ዘይት የሰው ጨርቅ ያበላሽብኛል።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለች። «ሰሚሃም አልበላችም። እዚህ ቤት በመጣች ቁጥር ሆዷን ያማታል ትላለች እናቴ።» ከዚያ ተነሥታ ሄደች። በሯን ስትዘጋ ሰማኋት፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ሰኔ ሲገባ ለማዳሟ «እሺ» የሚል ድምፅ ላከች። ትኬቱ በፍጥነት መጣ። ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነገር እንደዚያ ሲፈጥን አላየሁም።

መሄጃዋ ሲቃረብ መብራት ጠፋና ሳይመለስ ቀረ፤ ማቀዝቀዣው ሥር ውሃ መጠራቀም ጀመረ። የመጨረሻው ቀን ከሰል አያይዛ ያለውን ሁሉ ጠበሰችው። ሽታው ከአስፋልቱ ማዶ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር ደግ ሽታ ነበር። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና «ዛሬ ሽያጭ የለም፤ ጀባ ብያችኋለሁ!» አለች።

ከተማው መጣ። ማንም እንቢ አላለም። እያንዳንዱ የደረሰውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ መረቀ፣ በቀዩ ወረቀት ጠቀለለ። «ለልጆቹ ልውሰድላቸው» ይላሉ። «ልጆቹ ይወዱታል።» ሐጂ አብዱልከሪም ሁለት ወሰዱ። ልጅ የላቸውም። ምግብ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ዶሮው ያለቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ሱረያ ባዶውን ማቀዝቀዣ ከፍታ ለዝናውና ለእኔ አሳየችን። «አያችሁ?» አለች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ ተስፋ እንዳልለው ፈራሁ።

ሊነጋጋ ሲል መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። ዝናው ቀድሞኝ ማዳበሪያ ይዞ ጎንበስ ብሏል። አልተቀጣጠርንም። ከሱቋ በር አንስቶ እስከ መናኸሪያው ቀይ ወረቀት እዚህም እዚያም አለ። ሰዎቹ አልወረወሩትም፤ በወግ ነው ያስቀመጡት፣ ድንጋይ ላይ፣ አጥር ሥር፣ የመብራት ምሰሶው ግርጌ። አብዛኛው እንደተጠቀለለ ነው።

«ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተ ልቀመው» አለኝ ዝናው። «ሳትወጣ እንጨርስ።»

ማዳበሪያው ግማሽ ሳይደርስ ሱረያ ሻንጣዋን እየጎተተች ከኋላችን መጣች። ቆማ መንገዱን አየች፤ ማዳበሪያውን አየች።

«ተዉት» አለች። «ውሾቹ ገና አልተነሡም።»

«ሱሬ፣ እህት ዓለም፣ ሰው እኮ አንቺን ጠልቶ አይደለም…»

«አውቃለሁ፣ ዝናው። ቢጠላኝማ እቀር ነበር። ሻንጣውን ያዝልኝ።»

«ሰሚሃስ?» አልኳት።

«ተኝታለች። አልቀሰቀስኳትም።»

የደሴው ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሣም። ሱረያ መስኮት ጥግ ተቀመጠች፤ እኛ መጥረጊያና ማዳበሪያ እንደያዝን ከመስኮቱ ሥር ቆምን። ዝናው ስለ ዝናቡ ትንሽ ተናገረ። ከዓሣ ቤቶቹ በኩል ውሾቹ አንድ ሁለት እያሉ መምጣት ጀመሩ።

«አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አለች፣ ወደ እኛ ሳትዞር።

«አፉ ብለናል። አንቺም አፉ በይን።»

መስኮቱን ዘጋችው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ደሴ! አንድ ሰው ቀረው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ያ ሰው ቶሎ አልመጣም። ሲመጣ ሄዱ።